ሁሉን እኔ ልሥራ ስለ ማለት

ትዕቢት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሌለውን አለኝ የሚል ሰው ትዕቢት ነው፤ ይህ ፈጥኖ ይታወቃል፤ ሰውም ይሥቅበታል። ሁለተኛው ግን በእውነት ያለውን አለኝ የሚል ሰው ትዕቢት ነው። ይህ ሰው ውሸት አልተናገረም፤ ከባልንጀራው ይበልጥ ያውቃል፤ ይበልጥም ይሠራል፤ ስለዚህ «በሁሉ የምበልጠው እኔ ከሆንሁ ከሌላው ምን እፈልጋለሁ?» ብሎ ያስባል። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ የሚያስቸግረው መነሻው እውነት፥ መድረሻው ግን ስሕተት በመሆኑ ነው። እኔ በወጣትነቴ የተያዝሁት በዚህ በሁለተኛው ነበር። ዛሬ በሽምግልናዬ ይህን መጻፌ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለመምከር የተሻልሁ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ያጠፋሁትን ከነቍጥሩ የማውቀው በመሆኔ ነው እንጂ።

አባታችን በደሴ ከተማ በአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አስቀምጦ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪናው በመጀመሪያ አንድ ነበረ፤ እኛ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ስናድግ ሁለተኛ ገዛና ጐን ለጐን አስቀመጠን። ታናሼ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ የከሰል መተኮሻ በግራ እጁ ላይ ወድቆበት ሁለት ጣቶቹ ተኰማትረው ቀርተዋል። ስለዚህ ጨርቅ አጥብቆ ለመያዝ ይቸገር ነበር። ሱሪ ሲሰፋ ስፌቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ እጁ ብዙ አያስቸግረውም፤ ኮት ላይ ግን ትከሻው፥ ኮሌታው፥ እጅጌውና ገበሩ ጣት ሁሉ እንዲታዘዝ ይፈልጋሉና እጅግ ይዘገይ ነበር።

ሱቁ ውስጥ የነጋዴው የግድግዳ ሰዓት ስለ ነበረ የየአንዳንዳችንን ፍጥነት በደንብ አውቀው ነበር። እኔ አንድ ኮት በ8 ሰዓት፥ አንድ ሱሪ በ4 ሰዓት እጨርሳለሁ። ታናሼ ግን ለአንድ ኮት 24 ሰዓት፥ ለአንድ ሱሪ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ በኮቱም በሱሪውም እበልጠዋለሁ ማለት ነው። ይህ ቍጥር በልቤ ተጽፎ ይኖር ነበር፤ ሳስበውም ደስ ይለኝ ነበር።

አባታችን በሕይወት ሳለ ሥራውን ሲያከፋፍለን ኮቱን ሁሉ ለእኔ፥ ሱሪውን ለታናሼ ይሰጥ ነበር። እኔ የታዘዘውን ኮት ጨርሼ ጊዜ ሲተርፈኝ ጥቂት ሱሪ እጨምር ነበር። ይህንም ሳይ አባቴ ለታናሼ አዝኖለት ቀላሉን ሥራ የሰጠው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ልጅ ከአባቱ ሥራ ውስጥ ያላስተዋለውን ነገር ሁሉ ርኅራኄ ወይም ሞኝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀናዋልና።

አባታችን በ1958 ዓ.ም. ዐረፈ። እኔ 20 ዓመቴ፥ ታናሼ 17 ዓመቱ ነበር። የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ እኔ የሱቁ ኀላፊ ነኝና የሥራውን አከፋፈል ለወጥሁ። «ከእንግዲህ ወዲያ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ደንበኛ ይዘን ኮቱንም ሱሪውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ፤ የድካሙን ዋጋ እያንዳንዱ ለራሱ ያግኝ» አልሁት። ይህን ስናገር ፍርድ ያደላደልሁ መስሎኝ ነበር። ታናሼም እንደ ልማዱ «እሺ ጋሼ» ብሎ ተቀበለ። ታላቅ ወንድም በአባት ምትክ ነውና ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ ታናሼ አንድ ኮት ይዞ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያልበው አየዋለሁ። ደንበኛው ይመጣና አልደረሰም ሲባል ተቈጥቶ ይመለሳል። እኔ ደግሞ የደንበኛውን ቍጣ ሰምቼ በታናሼ ላይ እጨምርበታለሁ። በ1959 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን አንድ የተከበሩ ሰው ኮታቸውን ሊወስዱ መጥተው ሳይደርስላቸው ቢቀር፥ በእርሳቸው ፊት «እኔ የማልበልጥህ አንድ ሥራ እንኳ አለህን? ቦታ ከምታጣብብብኝ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር» አልሁት። ታናሼ አንዲት ቃል አልመለሰም። የያዘውን እጅጌ አጣጥፎ፥ አባታችን የሰጠውን መቀስ በእጅጌው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ማታም ወደ ቤት አልገባም። በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ እንደ ወረደ ሰማን።

እናታችን ስታለቅስ ሰነበተችና «ልጄ፥ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማህምን?» አለችኝ። እኔም «እማዬ፥ ይህ የሚሆነው ሁለተኛው ሲጠቅም ነው» ብዬ መለስሁላት። የመለስሁት መልስ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም።

ታናሼ ከሄደ በኋላ ኮቱም ሱሪውም በእኔ ላይ ወደቀ። ሱሪ ስሰፋ ኮት ይቈየኛል፤ ኮት ስይዝ ሱሪው ይከመራል። ሌሊት በፋኖስ እየሠራሁ ዐይኔን አደከምሁት። ደንበኞቼም አንድ በአንድ ሄዱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥፋቱ የራሴ እንደ ሆነ አልታየኝም፤ የገበያው መጥፎነት፥ የደንበኛው አለመታመን ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻም መኪናዎቹን ሸጬ ለእናቴ ገንዘቡን ሰጠኋትና ለመምህርነት ሥልጠና ገባሁ። የሒሳብ መምህርም ሆንሁ። ሒሳብ ላስተምር የተነሣሁት ሰው የገዛ ሱቄን ሒሳብ ሳላውቀው ነበር።

በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቀን እያስተማርሁ ማታ ማታ እማር ነበር። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለ ሀብትና ስለ ንግድ የሚናገር ነበርና በዚያ ውስጥ የእንግሊዛዊውን የዴቪድ ሪካርዶን ነገር አገኘሁ። ይህ ሰው በ1772 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ተወለደ። ቤተ ሰቡ ዘራቸው ከፖርቱጋል የሆነ አይሁድ ነበሩ። በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጋራ በአክሲዮን ገበያ መሥራት ጀመረ። በ21 ዓመቱ ከሌላ እምነት የሆነች ሴት በማግባቱ ቤተ ሰቡ ከእርሱ ተለየ፤ እርሱም በገዛ እጁ ሠርቶ እጅግ ባለጠጋ ሆነ። በ1817 እ.ኤ.አ. ስለ ሀብት አስተዳደርና ስለ ግብር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፥ በአንድ ምዕራፍ መካከል፥ ጥቂት አንቀጾች ብቻ የሚሆን አንድ ምሳሌ አስቀመጠ።

ምሳሌው እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር የተወሰነ ልክ ያለው ጨርቅ ለመሥራት 100 ሰዎች ዓመት ይሠራሉ፤ የተወሰነ ልክ ያለው የወይን ጠጅ ለመጥመቅ ደግሞ 120 ሰዎች ያስፈልጋሉ። በፖርቱጋል ግን ያንኑ ጨርቅ 90 ሰዎች፥ ያንኑ ወይን ጠጅ 80 ሰዎች ይሠሩታል። እንግዲህ ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። «ታዲያ በሁለቱም የምትበልጠው አገር ከምታንሰው ለምን ትገዛለች?» ያሰኛል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ሁለቱንም ለየራሳቸው ቢሠሩ፥ እንግሊዝ 220፥ ፖርቱጋል 170፥ በጠቅላላው 390 ሰዎች ይደክማሉ። እንግሊዝ ጨርቁን ብቻ ለሁለቱም ብትሠራ 200 ሰዎች፥ ፖርቱጋል ወይን ጠጁን ብቻ ለሁለቱም ብትጠምቅ 160 ሰዎች፥ በጠቅላላው 360 ሰዎች ይበቃሉ። ጨርቁም ወይን ጠጁም ሳይጐድል የ30 ሰዎች የዓመት ድካም ተረፈ። አንዱን ባንዱ ቢለዋወጡ እንግሊዝ የ20፥ ፖርቱጋልም የ10 ሰዎች ድካም ታተርፋለች። የሀብት ሊቃውንት ይህን የንጽጽር ብልጫ ይሉታል።

ይህን ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «በሁለቱም የምትበልጥ» የሚለው ቃል የነጋዴውን የግድግዳ ሰዓት አስታወሰኝ። ከአልጋዬ ተነሣሁና መብራት አብርቼ የሱቃችንን ሒሳብ በወረቀት ላይ ጻፍሁት።

ሳምንት 6 የሥራ ቀን አለው፤ በቀን 8 ሰዓት ብንሠራ 48 ሰዓት ይሆናል። እኔ ግማሹን ለኮት፥ ግማሹን ለሱሪ ባውለው 3 ኮትና 6 ሱሪ እሠራለሁ። ታናሼም እንዲሁ ቢያደርግ 1 ኮትና 4 ሱሪ ይሠራል። በጠቅላላው 4 ኮትና 10 ሱሪ ነው። ይህ እኔ «ፍርድ» ብዬ ያመጣሁት አከፋፈል ነበር። አሁን ደግሞ የአባታችንን አከፋፈል እንይ። ታናሼ 48ቱንም ሰዓት ሱሪ ቢሰፋ 8 ሱሪ ይሆናል። እኔ በ40 ሰዓት 5 ኮት፥ በቀሩት 8 ሰዓቶች 2 ሱሪ እሠራለሁ። በጠቅላላው 5 ኮትና 10 ሱሪ ነው። ሱሪው ያው ዐሥር ነው፤ ኮቱ ግን አንድ ጨመረ። ማንም አንዲት ሰዓት ሳይጨምር፥ ማንም ከትላንት ይልቅ ሳይፈጥን፥ በየሳምንቱ አንድ ኮት ከየትም ሳይመጣ ተገኘ። ይህን አንድ ኮት በየሳምንቱ ያመጣልን የነበረው ያ «አይጠቅምም» ያልሁት ወንድሜ ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚሆን፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ታግሠህ አስተውል፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው ያልፈዋልና። እኔ አንድ ሱሪ ስሰፋ 4 ሰዓት አጠፋለሁ፤ በዚያ 4 ሰዓት ግማሽ ኮት ልሠራ እችል ነበር። እንግዲህ የእኔ ሱሪ ዋጋው ግማሽ ኮት ነው። ታናሼ አንድ ሱሪ ሲሰፋ 6 ሰዓት ያጠፋል፤ እርሱ ግን በ6 ሰዓት የኮት ሩብ ብቻ ነው የሚሠራው። የእርሱ ሱሪ ዋጋው ሩብ ኮት ነው። ስለዚህ በሰዓት ሲቈጠር እኔ የምበልጥ ብሆንም፥ በሚቀረው ሥራ ሲቈጠር ግን ሱሪ የሚረክሰው በእርሱ እጅ ነው። የእኔ ስሕተት የእኔን ሰዓት ከእርሱ ሰዓት ጋራ ማወዳደሬ ነበር። ማወዳደር የሚገባኝ ግን የምሠራውን ከምተወው ጋራ ነበር።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። መጀመሪያው ለብርቱ ሰው ነው። በሁሉ የሚበልጥ ሰው እንኳ ሁሉን ሊሠራ አይገባውም፤ አንዱን በያዘ ቍጥር ሌላውን ይተዋልና። የቀኑ ሰዓት ለብርቱም ለደካማም ያው እኩል ነው። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚለው ተረት ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለሠሪም ይሆናል። ሁለተኛው ለደካማ ሰው ነው። በሁሉ ነገር የሚያንስ ሰው ቢኖር እንኳ፥ ከሥራዎቹ መካከል ማነሱ ጥቂት የሆነበት አንድ ሥራ አይጠፋም፤ በዚያም ሥራ ብርቱውን ይረዳዋል። ረዳኝ የሚለውም ብርቱው ስላዘነለት አይደለም፤ በእውነት ስለሚጠቅመው ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው ለምንም አይሆንም» የሚለው ነገር፥ ከክፋቱ በፊት የሒሳብ ስሕተት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ብዙ ዘመን በድለናል። በሸክላ ሠሪዋ ድስት እየበላን ሸክላ ሠሪዋን ንቀናል፤ ሸማኔው የሠራውን ኩታ ደርበን ሸማኔውን ሰድበናል፤ በቀጥቃጩ ማረሻ እያረስን ቀጥቃጩን ፈርተን ሸሽተናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ በልባችን ውስጥ ገና ያልገባ ስንት ይሆን? እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ የገዛ ወንድሜን ከናቅሁ፥ ሌላውን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

በዚያው ዓመት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ታናሼ ከአንድ ኮት ሰፊ ጋራ በሽርክና ይሠራ ነበር። ሰውዬው ኮቱን፥ እርሱ ሱሪውን ይሰፋሉ። ከሱቁ ፊት ቆሜ ሳይ ሱሪው በየመስቀያው ተሰቅሏል፤ እርሱም ወፍሯል። ሲያየኝ ከመኪናው ተነሥቶ ጕልበቴን ሊስም ዝቅ አለ፤ እኔ ቀድሜ አቀፍሁት። ማታ እቤቱ ራት ከበላን በኋላ ወረቀቴን አውጥቼ ሒሳቡን አሳየሁትና «ወንድሜ፥ በድዬሃለሁ፤ ይኸው በደሌ በቍጥር» አልሁት።

ታናሼ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም «ጋሼ፥ አባባ ይህን ያውቀው ነበር። አንድ ቀን ኮት ልሞክር ስለው፥ አንተ ሱሪውን ከያዝህለት ወንድምህ ለኮቱ ጊዜ ያገኛል ብሎኝ ነበር» አለኝ። ሪካርዶን ያላነበበ አባታችን ነገሩን በሦስት ልብስ ሰፊዎች ሱቅ ውስጥ ደርሶበት ኖሯል። ቀጥሎም ታናሼ «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ያ የተረፈው አንድ ኮት ለማን ይሆን ነበር?»

ይህን ጥያቄ መምህሬም አልጠየቀኝም ነበር። እርሱ ከጠየቀኝ በኋላ ግን ዝም ብዬ አላልፈውምና ቈጥሬ አየሁት። እኔ አንድ ኮት ሰጥቼው 4 ሱሪ ብወስድበት፥ እርሱ 1 ኮትና 4 ሱሪ ይኖረዋል፤ ብቻውን ቢሠራ ከሚያገኘው አንዲት ክር አይጨምርም፤ ትርፉ ሁሉ የእኔ ይሆናል። አንድ ኮት ሰጥቼው 2 ሱሪ ብቻ ብወስድ ደግሞ ትርፉ ሁሉ የእርሱ ይሆናል። 3 ሱሪ ብወስድ ሁለታችንም እናተርፋለን። እንግዲህ ተካፍሎ መሥራት ትርፍ እንደሚያመጣ ሒሳቡ ያስረዳል፤ ትርፉ ከማን ቤት እንደሚገባ ግን በዋጋው ይወሰናል። ዋጋውን የሚቈርጠውም ብዙውን ጊዜ መጠበቅ የሚችለው ሰው ነው። ለታናሼ «እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያ ዘመን ዋጋ ቈራጩ እኔ ስለ ነበርሁ ኮቱን የምወስደው እኔ ነበርሁ» አልሁት። እርሱም «ዐውቃለሁ ጋሼ» አለኝና ቡና እንዲቀርብ አዘዘ።

ይህ ጥያቄ በሁለት ወንድሞች መካከል ብቻ የሚቀር አይደለም። ሪካርዶ እንግሊዝንና ፖርቱጋልን በምሳሌ ሲያነሣ በሁለቱ መካከል ከ1703 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንግድ ውል ነበረ። በውሉ ፖርቱጋል የእንግሊዝን የሱፍ ጨርቅ እንድታስገባ፥ እንግሊዝም ከፖርቱጋል ወይን ጠጅ የምትቀበለው ቀረጥ ከፈረንሳዩ በሢሶ እንዲያንስ ተስማሙ። ወይን ጠጁም ጨርቁም ተነገደ፤ ነገር ግን ፖርቱጋል የምትገዛው ከምትሸጠው እየበለጠ ሄደና፥ ከብራዚል ይመጣላት የነበረው ወርቅ ብዙው ወደ ሎንዶን ፈሰሰ። ከቅርብ ዘመንም ብንወስድ፥ ቡና ሻጮችና ቡና ገዢዎች አገሮች የሽያጩን ልክ የወሰኑበት የስምምነት ኮታ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። አገራችን ቡና በማብቀል የታወቀች ናት፤ ቡናዋን ሸጣ ነዳጅና መኪና መግዛቷም ብልኅነት ነው። ነገር ግን የቡና ገበሬ በዚያ ዓመት ከፊተኛው ያነሰ አልሠራም፤ ሠርቶ ያገኘው ግን አነሰ። በአንድ ነገር ብቻ የሚኖር ሰው የዚያ ነገር ዋጋ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝን ልናገር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከቻይና ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ በያገሩ ገበያ ሞላ። ዋጋው ታናሼ ጨርቅ ገዝቶ ከሚሰፋበት ያንስ ነበር። ሽርኩም ሞተ፤ የሚሰፋ ሱሪ ይዞ የሚመጣ ሰው እያነሰ ሄደ። እኔ በዚያን ጊዜ ጡረታ የወጣሁ፥ የልጅ ልጆች ያሉኝ ሰው ነበርሁ፤ ለልጅ ልጆቼ የትምህርት ቤት ሱሪ ከገበያ ገዝቼ ገንዘብ ተረፈኝ፤ በተረፈውም ደብተር ገዛሁላቸው። ንግድ ጠቀመኝ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ታናሼ ብሄድ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

የማውቀውን ነገርሁት። ሱሪ የረከሰለት ሰው ሁሉ ባተረፈው ገንዘብ ሌላ ነገር እንደሚገዛ፥ አገርም በጠቅላላው እንደሚጠቀም አስረዳሁት። የነገርሁትም ውሸት አልነበረም። እርሱ ግን የተኰማተሩትን ጣቶቹን እያሻሸ ዝም አለኝ። እኔም መናገሬን ተውሁ። ከተማው ሁሉ ጥቂት ጥቂት አተረፈ፤ እርሱ ብቻውን የ40 ዓመት ሙያውን ከሰረ። የሁሉም ትርፍ ተደምሮ ከእርሱ ኪሳራ ይበልጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ትርፉን የያዙት ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ ኪሳራውን የተሸከመው እርሱ ነው። በወረቀት ላይ መደመር ይቻላል፤ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ግን ድምሩ አይበላም።

በዚህ ቦታ ስለ ሪካርዶ አንድ ነገር ብናገር ደስ ይለኛል። ይህ ሰው በመጀመሪያ አዳዲስ መኪናዎች ሥራ ቢያቃልሉ ለሁሉም ሰው ይጠቅማሉ ይል ነበር። በ1821 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሳትም ግን ስለ መኪናዎች አዲስ ምዕራፍ ጨመረና ያ ሐሳቡ ስሕተት እንደ ነበረበት ገለጸ፤ ሠራተኞች መኪና ይጐዳናል ብለው መፍራታቸውም ከአለማወቅ የመጣ እንዳልሆነ ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ስሙ የገነነ ሰው በመጨረሻ ዘመኑ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ተሳስቻለሁ ማለቱ፥ ከወይን ጠጁና ከጨርቁ ምሳሌ ይልቅ እኔን አስተማረኝ።

«ታዲያ በሩን እንዝጋውና የውጭ ሱሪ አይግባ» የሚል ሰው ይኖራል። ለታናሼ ስል እኔም አንዳንድ ሌሊት እንዲህ አስቤያለሁ። ነገር ግን እንግሊዞች በ1815 እ.ኤ.አ. የውጭ እህል እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥተው ነበር። ሕጉ የመሬት ባለቤቶችን ጠቀመ፤ የሠራተኛውን እንጀራ ግን አስወደደ። ሪካርዶ ራሱ ተቃወመው፤ ሕጉ ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1846 እ.ኤ.አ. ነው የተሻረው። የተዘጋ በር ደግሞ የሚያስርበው ሰው አለ፤ ልጇን ሱሪ አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የምትቸገር እናት ለታናሼ ሥራ ስትል ዕጥፍ ትክፈል ማለትም ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ እኔ የደረስሁበት ይህ ነው፤ በሩን መክፈት ይገባል፤ ነገር ግን በተከፈተው በር ትርፍ የገባለት ሰው፥ በዚያው በር ሥራው የወጣበትን ሰው ሊያስበው ይገባል። ይህም ምጽዋት አይደለም፤ የትርፉ ግማሽ ዋጋ ነው።

እኔም ይህን ብዬ ብቻ እንዳልቀር በቤታችን ጀመርሁ። ልጆቼንና የእኅቶቼን ልጆች ሰብስቤ በዓመት ውስጥ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ስንገዛ ምን ያህል እንደ ተረፈን አስቈጠርኋቸው። ቍጥሩ ከገመትነው በላይ ሆነ። ከእርሱ በየዓመቱ ጥቂት እያዋጣን የታናሼን ሴት ልጅ የሒሳብ መዝገብ ያዥነት አስተማርናት። እርሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከፋብሪካ የሚመጣ ሱሪ የማንንም እግር ለክቶ የተሰፋ አይደለምና፥ ገዢ ሁሉ ይረዝምብኛል፥ ወገቡ ይሰፋኛል ማለቱ አልቀረም። ታናሼ መኪናውን ገልጦ ማሳጠርና ማጥበብ ጀመረ። የሚያገኘው ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ «ሱሪ ሰፊ ነበርሁ፥ አሁን ሱሪ ቈራጭ ሆንሁ» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ዐይኑ እስኪደክም ድረስም በዚሁ ሥራ ቤቱን አስተዳደረ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ብርቱ ከሆንህ ሁሉን እኔ ልሥራ አትበል፤ በአጠገብህ ያለው ደካማ ሰው የሚያተርፍልህን ሳታውቅ ታባርረዋለህ። ደካማ ከሆንህም ለምንም አልሆንም አትበል፤ ማነስህ ጥቂት የሆነበትን ሥራ ፈልግና ያዘው። ከሌላው ጋራ ተካፍለህ ስትሠራ የተረፈውን ኮት ማን እንደ ወሰደው ጠይቅ፤ የወሰድኸው አንተ ከሆንህ ደግሞ ሳትጠየቅ መልስ። ገበያ ወጥተህ ርካሽ ነገር ባገኘህ ቀን ደስ ይበልህ፤ ነገር ግን ወደ ቤትህ ስትመለስ መኪናውን ሸፍኖ በር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አይተህ እለፍ።

ታናሼ አባታችን የሰጠውን መቀስ በዚያ የፋሲካ ሰሞን ትቶት ሲሄድ እኔ አንሥቼ አስቀምጬው ነበር። ኮምቦልቻ በወረድሁ ጊዜ መለስሁለት። እስከ መጨረሻው ሱሪ ያሳጠረበት በእርሱ ነው።